በዘንገና ዳር ሁለት ብርሃን

እሪታው የአንዲት ሴት ነበር። ዘንገና ግን የሰጡትን ድምፅ እንዳለ አይመልስም፤ ገደል ለገደል እያቀበለ አበዛውና፣ በዚያ ጠዋት በመኪናው መንገድ ያልፉ የነበሩ ገበሬዎች አምስት ስድስት ሴቶች ባንድነት የሚያለቅሱ መሰላቸው። ከየት በኩል እንደሚመጣ የለየ አልነበረም። ጉሙ ሐይቁን ከነገደሉ ከነጥዱ ውጦታል። ቆመው ተጣሩ፤ የራሳቸው ጥሪ ከእሪታው ጋር ተደባልቆ ተመለሰባቸው።

ረፋዱ ላይ ጉሙ ሲገፈፍ ሁሉም ታየ። በቀለች የምትባል የሐይቁ ዳር ወጣት ሴት፣ ማታ ሣር ስታጭድ የረሳችውን ማጭድ ልታነሣ ወርዳ ኖሮ፣ ውኃው አፍ ላይ ካለው ቋጥኝ ሥር ራሷን ይዛ ተንበርክካለች። ፊት ለፊቷ የተንጋለለው ሰው ክንዴ ነበር፤ በእንጅባራ የወይዘሮ ውብአየሁ ቤት ጠባቂ። ኅዳር ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት፣ ቀኑም ረቡዕ ነው።

የእንጅባራ ፖሊስ ጣቢያ መርማሪ መቶ አለቃ ደሴ በገደሉ ላይ ሥር ሥሩን እየጨበጠ ወረደ። የክንዴ የራስ ቅል ከኋላ በኩል ተሰብሯል። ጋቢው አልተወሰደም፤ በወገቡ የታጠቀው ቢላዋም ከሰገባው አልወጣም።

«ከላይ ነው የወደቀ» አለ ሃምሳ አለቃ ዋጋዬ ገደሉን ቀና ብሎ እያየ። «ጠጥቶ ይሆን?»

«ክንዴ ጠላ እንኳ አይቀምስም ነበር።»

«እንግዲያው የማይጠጣ ሰው የሚወድቀው ሲገፉት ነው።»

ደሴ የሟቹን ቀኝ እጅ ፈለቀቀ። ጣቶቹ አንዳች ነገር አጥብቀው ይዘዋል። አንድ ስንዝር የማይሞላ የወፍራም ጨርቅ ቁራጭ ነበር፤ በጠርዙ ላይ ዙሪያዋ የዛገ ቀዳዳ አለች።

«ጆንያ ነው» አለ ዋጋዬ። «የጨው ጆንያ።»

ደሴ አሸተተው። ጨው ጨው አይልም። ምን ምን እንደሚል ግን ሊያስታውስ አልቻለም። ማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ አጥፎ ከተተው።

*

የወይዘሮ ውብአየሁ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከጣሊያን በፊት ዳንግላ ይቀመጥ ለነበረ አንድ ፈረንጅ አስተርጓሚ ነበሩ። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በአያቱ ዘመን የተሣለ አንድ የባሕር ዳር ሥዕል ትቶላቸው ሄደ። የእንጅባራ ሰው «የውብአየሁ ባሕር» ይለዋል። ባሕር አይቶ የማያውቀው ሁሉ ደግሞ «ዘንገና ነው» እያለ ይከራከር ነበር። ከአገሩ ሰው ባሕር ያየው ደሴ ብቻ ነው፤ ኮርያ ሲዘምት ከጅቡቲ በመርከብ ነበርና የሄደው።

መስኮቱ ለሐዘን ተዘግቷል። ኩራዝ ብቻ ይበራል።

«ማክሰኞ ጠዋት ያ የዳንግላው ነጋዴ መጣ» አሉ ወይዘሮ ውብአየሁ። «ሙሄ። ሲመጣ ሦስተኛው ነው። ሥዕሉን ይሽጡልኝ ይለኛል። የባሌን ዓይን ሽጪልኝ ብትለኝ ይሻላል አልኩት። ክንዴ ክንዱን ይዞ አስወጣው። በር ላይ ቆሞ ‹ክንዴ፣ ይህችን ቀን ታስታውሳታለህ› ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ።»

«ከዚያስ እሜቴ?»

«ከዚያማ ክንዴ ቀኑን ሙሉ እዚያ ሥዕል ፊት ሲቆም ሲመለስ፣ ሲቆም ሲመለስ ዋለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋቢውን አጣፍቶ ‹ፀሐይ ሳትጠልቅ የማናግረው ሰው አለ› አለኝ። ማን ነው ብለው፣ ‹ሳላጣራ የሰው ስም በክፉ አላነሣም› አለ። በዚያው ቀረ።»

ደሴ ወደ ግድግዳው ቀረበ። በኩራዙ ጭላንጭል ሰማይ ታየው፤ ውኃ፣ አሸዋ ላይ የተጎተተች አሮጌ ጀልባ፣ መረብ ታቅፎ የቆመ ሽማግሌ።

«አየኸው?» አሉት ወይዘሮ ውብአየሁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔን ነው የሚያይ። ክንዴ ከወጣ ወዲህ ነው ያስተዋልኩት። ድሮ ባሕሩን ነበር የሚያየው። ከሃያ ዓመት በላይ ፊቱን ሰጥቶኝ አያውቅም።»

ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ደሴ እጃቸውን ያዘ።

«ሐዘን ነው እሜቴ። ሐዘን የሌለውንም ያሳያል።»

«ይሁና» አሉ፤ ነገሩ ግን አልተዋጠላቸውም። «ለባሌ ሙት ዓመት ቤቱን ሳስጠርግ የሥዕሉንም ጭስ አስጠርጌለት ነበር። ጭሱ ሲለቀው ዓይኑ ተከፈተ መሰለኝ።»

*

ሙሄን በዚያው ቀን ከዘንገና ወዲያ ካለችው ከጥርባ ይዘውት መጡ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ጥምጣሙ ነጭ፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው ነው። በበቅሎው ጭነት ውስጥ ጨው፣ ሻማና ስድስት የእጅ መስታወት ተገኘ።

«ማክሰኞ ማታ የት ነበርክ?» አለው ደሴ።

«ጥርባ ነዋ፣ መቶ አለቃ።»

«ከእንጅባራ ስንት ሰዓት ወጣህ?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«ያሳደረህ ሰው ግን ከመሸ በኋላ ነው የመጣ ይላል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልትደርስ ስትችል፣ በቅሎህ መንገድ ላይ ምን ገጠማት?»

«ለምጥ ተቀምጣ ይሆናል» አለ ዋጋዬና ብቻውን ሳቀ።

«በዘንገና በኩል አላለፍኩም» አለ ሙሄ።

«ሌላ የጭነት መንገድ አለ እንዴ?»

ሙሄ እጆቹን ተመለከተ። ሌላ መንገድ እንደሌለ ሦስቱም ያውቃሉ። ደሴ የእስር ወረቀቱን ፈረመ። ሲፈርም ብዕሩ አልዘገየም፤ በኋላ ይህን ብዙ ጊዜ አስታውሶታል።

*

ሐሙስ ዕለት በቀለችን ጎጆዋ ደጃፍ ላይ አገኛት። በአገውኛ ነው ያነጋገራት፤ የእናቱ ቋንቋ ነው፤ እሷም በአማርኛ ስትፈራ የነበረችው በአገውኛ ተፈታች።

«ማክሰኞ ማታ ማንን አየሽ?»

«ማዶ፣ ከትልቁ ጥድ ሥር አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር። ራሱን በነጭ ጠምጥሟል። ጀርባውን ነው የሰጠኝ፣ ፊቱን አላየሁም። ኋላ ሌላ ሰው ከላይ ሲወርድ አየሁ። እኔም ሣሬን ተሸክሜ ሄድኩ።»

«ሌላስ?»

«ብናገር ይስቁብኛል።»

«አልስቅም።»

በቀለች ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ብርሃኑ ሁለት ነበር ጌታዬ። ፀሐይ ስትጠልቅ ውኃው ላይ የሚዘረጋ ብርሃን አለ አይደል? አንደኛው እሱ ነው። ሁለተኛው ግን መሬት ላይ ነበር፣ ጥዱን ተደግፎ። ትንሽ መስኮት ያህላል። ሰውየው እሱን ያያል፣ ዞሮ ውኃውን ያያል፣ መልሶ እሱን ያያል። ጸሎት የያዘ ይመስል ነበር።»

ወደ ጣቢያው ሲመለሱ ዋጋዬ መንገዱን ሙሉ አላረፈም። «መስታወት ነዋ ጌታዬ! ሙሄ ስድስት መስታወት ይዟል። ነጭም ጠምጥሟል። ደግሞ ዋሽቷል። ከዚህ በላይ ክንዴ ራሱ ተነሥቶ እንዲናገር ነው የሚፈልጉት?»

«የእጅ መስታወት መስኮት አያህልም።»

«ለሣር አጫጅ ምን ልዩነት አለው!»

የጣቢያው አዛዥ ሻምበልም ከዋጋዬ ጋር አንድ ልብ ነበር። ጠብ አለ፣ ዛቻ አለ፣ ውሸት አለ፣ ምስክር አለ። ሙሄ ቅዳሜ ጠዋት በሚያልፈው የጭነት መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ እንዲላክ አዘዘ። በነፍስ ግድያ ተከሶ እዚያ የገባ ሰው፣ ምስክር ከጸናበት የሚጠብቀው ገመድ ነው። ደሴ «የሁለተኛው ብርሃን ነገር ይቀረኛል» ሊል አሰበና ለሻምበል የሚባል ነገር አልመስልህ አለው።

*

ከጣቢያው በር ላይ የሙሄ ሚስት ተቀምጣ ነበር። ዘይነባ ትባላለች። ከዳንግላ ድረስ ምግብ ይዛ መጥታ፣ ከዘመድ ቤት እያደረች፣ ከዚያች ድንጋይ አትነሣም። የሚያልፈው ሰው ደግሞ ፊቱን ያዞርባታል። ትናንት «ዘይኑ» ይሏት የነበሩት ሴቶች እንኳ ዛሬ በወዲያኛው ጥግ ነው የሚያልፉት።

«ሥዕሉን ምን ሊያደርግበት ነበር?» አላት ደሴ አጠገቧ ቆሞ።

«እኔ አላዘዝኩትም» አለች። «የተወለድኩት ከጅቡቲ ባሕር ጠረፍ፣ ታጁራ ነው። ሐር ልናሳይ እሳቸው ቤት ገብተን አየሁት። ማታ ማታ አባቴን የምጠብቅበት ብርሃን ነበር፤ ውኃው እየጠቆረ ሰማዩ ብቻ የሚቀርበት። አለቀስኩ። ባላለቅስ ኖሮ ዛሬ ባሌ ጨው ይሸጥ ነበር።»

ደሴ ወደ ሙሄ ገባ። እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ እንግዳ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ባሕር አይቻለሁ» አለው። «ሚስትህ ያለችውን ብርሃን አውቀዋለሁ። አሁን እውነቱን ንገረኝ፤ ከቅዳሜ በኋላ የሚሰማህ የለም።»

ሙሄ ጥምጣሙን ፈትቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«የመግሪብ ሶላት ልሰግድ ከሐይቁ በላይ ካለው ምንጭ በቅሎዬን አስሬ ነበር» አለ። «ጩኸት ሰማሁ። የወንድ ጩኸት ነው። አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ገደሉ ሦስት ጊዜ ደገመው። ከዚያ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ።»

«ወርደህ አየህ?»

«አልወረድኩም። በቅሎዬን ይዤ ጫካ ገባሁ፣ እስኪጨልም ተደበቅሁ። በዚያው ጠዋት ተጣልተን ነበር መቶ አለቃ። ብወርድና አጠገቡ ቢያገኙኝ ማን ያምነኛል? ሰማሁ ብል ‹ለምን አልረዳኸውም› ትሉኛላችሁ። ብረዳው ኖሮ ‹ገፋኸው› ትሉኝ ነበር።» ቀና አለ። «ግን ደግሞ አልወረድኩም። ይኸ የእኔ ነው፣ በማንም ላይ አላላክከውም።»

*

አንድ ገበሬ ክንዴን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ላይ አይቼዋለሁ በማለቱ፣ ደሴ በዚያው ሐሙስ ወደዚያ ሄደ። ከውስጥ የቀለምና የሙጫ ሽታ ይቀበላል። ሠዓሊው አለቃ ምህረቴ መቅደሱን ሲሥሉ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው፤ ከሲታ፣ የጥምጣማቸው ዳር ሳይቀር በቀለም የተንጠባጠበ ሽማግሌ ናቸው። ከመሰላሉ ላይ ሆነው አነጋገሩት።

«ክንዴ መጥቶ ነበር አለቃ?»

«ቢመጣም አላየሁትም። ማክሰኞ እስኪጨልም የእመቤታችንን ልብስ ስቀባ ነበር፣ ይኸውልህ።» በብሩሻቸው ጥልቅ ሰማያዊ የሆነውን ቀሚስ አሳዩት። «ከመሰላል አልወረድኩም። እግዜር ነፍሱን ይማር፣ ደግ ሰው ነበር።»

ደሴ ግድግዳውን ቃኘ። ወደ ግብፅ ስደቱ ተሥሏል፤ ከኋላ የሄሮድስ ጭፍሮች ሰይፍ መዘው ይከተላሉ።

«የእነዚህ ሁለተኛ ዓይናቸው የት ሄደ?»

«የበደለኛ ሙሉ ፊት አይሣልም ልጄ። የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤ ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ይበቃዋል።»

«እኔንስ ቢሥሉኝ?»

«ሥራህን አይቼ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ «ያ ነጋዴ ተለቀቀ ወይ?» አሉ።

«ቅዳሜ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል።»

ብሩሹ አየር ላይ ቆመ። «ቅዳሜ?» አሉ አለቃ። «እንዲህ በጥድፊያ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለም።»

«እኔም ለሻምበል ይህንኑ ልል ነበር።»

«በርታ» አሉት፤ ወደ ግድግዳው ዞሩና ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።

*

ዓርብ ጠዋት ጉም አልነበረም። ዋጋዬ የጣቢያው ደፍ ላይ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ያያል፤ ፀሐይዋ ፊት ለፊቱ መጥታ ጥላውን በወለሉ ላይ ከጀርባው እስከ ደሴ ጠረጴዛ ድረስ ዘርግታዋለች። ደሴ ቀና ሲል ዋጋዬ ፊቱን ወደ መንገዱ ጫፍ አዙሮ ነበርና ከጎኑ አየው። አንድ አፍንጫ፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ ዓይን።

ብዕሩን አስቀመጠ። ከጎን የታየ ሰው ሁሉ አንድ ዓይን ነው። ባሕር የሚያይ ሰው፣ መረብ ታቅፎ አሸዋ ላይ የቆመ፣ ፊቱን ከሃያ ዓመት በላይ ያልሰጠ ሽማግሌም እንዲሁ መሆን ነበረበት።

«ዋጋዬ፣ ጥላህን ተመልከት።»

«ምን ሆነ ጌታዬ?» ደንግጦ ተነሣ። «ጥላዬ ምን አደረገ?»

«ምንም። አለህ ማለት ነው።»

ወይዘሮ ውብአየሁ ቤት ሲደርስ ፈቃድ ሳይጠይቅ መስኮቱን ከፈተ። ሴትዮዋ «ኧረ ሐዘን ነው!» ብለው ተነሡ፤ ብርሃኑ ግን አስቀድሞ ገብቷል።

ሥዕሉ በቀን ብርሃን ሌላ ሆነ። ሰማዩ ቢጫ ነው፣ ባሕሩ ሰማያዊ፣ አሸዋው ቡናማ፤ እያንዳንዱ በየድንበሩ ተከልሎ ቆሟል፣ አንዱ በአንዱ ላይ አይፈስም። ደሴ የመርከቡን ማታ አስታወሰ። እዚያ ብርሃኑ ከአንድ ወገን መጥቶ ሁሉን ይነካ ነበር፤ የወታደሩን ጥላ በመርከቡ ላይ እንደ ገመድ ይጎትተው ነበር። እዚህ ፀሐይዋ ውኃው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳለ ጀልባዋ ጥላ የላትም። ሽማግሌው ጥላ የለውም። በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ደግሞ ቤቱን ሙሉ ያያል። ደሴ አፍንጫውን አስጠጋ። ሙጫ ይሸታል።

«እሜቴ፣ ሐዘን አልነበረም። ልክ ነዎት። ጭሱን ማን ነበር የጠረገው?»

«አለቃ ምህረቴ ናቸዋ! ሁለት ሳምንት እሳቸው ዘንድ ቆይቶ ሰኞ ነው የመጣ። ክንዴ ነበር ተሸክሞ አምጥቶ የሰቀለው። በየቀኑ አቧራውን የሚያነሣለት እኮ እሱ ነው።»

*

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደሴ ብቻውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባ። ዋጋዬን ከግቢው በር ላይ አቆመው። በምዕራቡ መስኮት የምትገባው ፀሐይ ቀልታለች። አለቃ ብሩሾቻቸውን ያጥቡ ነበር።

«አለቃ፣ የእመቤታችን ልብስ ጫፉ ሳይቀባ ቀርቷል» አለ። «አሁን ቢጨርሱት አይቼው ልሂድ። ቀለም ሲቀባ ማየት ደስ ይለኛል።»

«በዚህ ብርሃን?» ሽማግሌው እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አሉ። «ሰማያዊ ማታ ይዋሻል ልጄ። አረንጓዴ ነኝ ይላል፣ ጥቁር ነኝ ይላል። ጠዋት ስትመጣ ያዋርድሃል። አርባ ዓመት ሙሉ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሰማያዊ ነክቼ አላው...»

ቃሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ።

ደሴ አልቸኮለም። ማስታወሻ ደብተሩን ከፍቶ የጨርቁን ቁራጭ በመዳፉ ላይ አኖረው። በዚያ ቤት ሽታ ውስጥ ቁራጩ ምን እንደሚሸት አሁን አወቀ፤ የቆየ የቀለም ዘይት ነበር።

«ማክሰኞ ማታስ ምን ቀለም ነበር የሚቀቡት?»

አለቃ ምህረቴ ቁራጩን አዩት። እጃቸውን ዘርግተው በአንድ ጣት ነኩት። ከዚያ ወደ መቅደሱ ጥግ ሄዱና በአቡጀዴ የተጠቀለለ፣ የሥዕል ጨርቅ የተቸነከረበት ሳንቃ አመጡ። ሲገልጡት ቤቱ የተለወጠ መሰለ።

ማታ ነበር። ሰማዩ እየሞተ፣ ብርሃኑ ከደመና ሥር ወጥቶ በእርጥቡ አሸዋ ላይ ተንጋሎ፤ የበሰበሰችው ጀልባ፣ ገመዱ፣ የሽማግሌው ጉንጭ፣ ሁሉም ከዚያው ከአንድ ብርሃን እየተካፈሉ። ሽማግሌው በጎን ቆሞ ባሕሩን ያያል። የሚጠብቀው ሰው ይኑር አይኑር አይታወቅም። ከታች በግራ በኩል ጥጉ ተቀድዷል። ደሴ ቁራጩን አስጠጋው፤ ክር ለክር ገጠመ።

«እኔ ብርሃን የማውቀው በቅዱሳን ራስ ዙሪያ ነው» አሉ አለቃ። «ወርቅ ክብ አድርጌ። የተገባው ብቻ ነው የሚያገኘው። ይኸ ፈረንጅ ግን ለበሰበሰ እንጨት ሰጠው። ለገመድ ሰጠው። ከየት አምጥቶ ነው? አርባ ዓመት ሥዬ እንዴት ይኸን አላየሁም? ዘንገና በማታ እንዲህ እንደሚሆን ባውቅም፣ አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ላየው ፈለግሁ።»

«ለወይዘሮ ውብአየሁስ የራስዎን ሠርተው ሰጡ።»

«እስክማረው ብዬ ነው። ልመልሰው ነበር።»

«ሽማግሌው ለምን ዞረ?»

አለቃ በጣም ደከሙ። «እኔ ያን ሽማግሌ በአንድ ዓይን ልተወው? ምን በደለ? እጄ እንቢ አለኝ። ክንዴም በዚያው ነው ያወቀው። መሰላሉ ባዶ ሲሆንበት ዱካዬን ተከትሎ ሐይቁ ድረስ መጣ። ‹የእሜቴን ባሕር አምጣ› አለኝ። አትንካው፣ ይቀደዳል አልኩት። እሱ ሳበ፣ እኔም ሳብኩ። ጨርቁ ተቀደደና ወደ ኋላ ሄደ። ጮኸ።»

«ወርደው አዩት?»

«ሥዕሉን ነበር ያየሁት» አሉ። «መጀመሪያ ሥዕሉን ነበር ያየሁት። ሌት ከቀን የማስበው ይኸንኑ ነው።»

«ሙሄ ሲታሰርስ?»

«ሳምንቱን ብቻ ብዬ ነበር። ይኸን ብቻ ልጨርስ ብዬ ነበር።» ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። ደሴ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ዮሴፍ በሚጎትታት አህያ እግር ሥር፣ በደረቁ መሬት ላይ አንዲት ግራጫ ጥላ ተኝታለች። በአገሩ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጥላ አይቶ አያውቅም። የዮሴፍ ጥላ ግማሽ ላይ ቆሟል።

«ቅዳሜ ይሰቅሉታል አላልከኝም እኮ» አሉ ሽማግሌው። «ይሄዳል ነው ያልከኝ።»

«ያውቁ ነበር አለቃ።»

«አውቅ ነበር።»

የቀለም ጣሳዎቻቸውን አንድ በአንድ ከደኑ። ሲወጡ ደሴ እጃቸውን አልያዘም፤ እሳቸውም ወደ ግራ ወደ ቀኝ አላሉም። በሩ ላይ ዋጋዬ ጥምጣማቸውን ሲያይ ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሙሄ ተፈታ። ወሬው ቀድሞ ደርሶ ኖሮ የጣቢያው ደጅ በሰው ሞልቷል። ሦስት ቀን ፊታቸውን ሲያዞሩ የሰነበቱት «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ይላሉ፤ አንዱ እጁን ሊጨብጥ ይጋፋል፣ ሌላው «እኔስ ድሮም አላመንኩም ነበር» ይላል። ዘይነባ ከድንጋይዋ ተነሥታ ቆመች። ወደ ባሏ አልሮጠችም፤ እሱ እስኪመጣ ጠበቀችው።

ወይዘሮ ውብአየሁ በሰው ተደግፈው መጡ። የተመለሰላቸውን እውነተኛውን ሥዕል በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ልጄ፣ ውሰጂው» አሏት። «ክንዴ ሞተበት፣ ባልሽ ታሰረበት። ለእኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል? ዓይኔም አያየውም።»

ዘይነባ ነጠላውን በአንድ በኩል ገለጠች። አየችው፣ ብዙ አየችው። ከዚያ ነጠላውን መለሰች፣ የሴትዮዋን ትከሻ ሳመችና ሥዕሉን በክንዳቸው ላይ አስታቅፋ ተወችው።

ደሴ ወደ ሙሄ ቀረበ። ሌሊቱን ያሰናዳው ንግግር ነበረው፤ የፈረመበትን ወረቀት የሚያነሣ፣ ይቅርታ የሚል።

«የዳንግላው መኪና እስከ አምስት ሰዓት ይደርሳል» አለ፤ የወጣለት ይኸ ብቻ ነበር። «በቅሎህም ጭነትህም ተጠብቆልሃል።»

ሙሄ አየው። ዓይኑ ላይ ቂም አልነበረም፤ ቢኖር ደሴ ይቀልለው ነበር።

በዚህ መካከል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው የጭነት መኪና ደጁ ላይ ቆመ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ «እስረኛው የታለ?» ብሎ ጮኸ።

«የዛሬው እስረኛ ተፈቷል፣ ሂድ!» አለው ዋጋዬ።

ሙሄ ግን የዘይነባን እጅ ይዞ በሰዉ መካከል አለፈ። ወደ መኪናው ጀርባ ዞረ፤ እሷን ደግፎ አወጣት፤ ጥምጣሙን አጠበቀና ራሱም ወጣ። በጆንያዎቹ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ሙሄ፣ ተሳስተሃል!» ዋጋዬ እየሳቀ ተጠጋ። «ዳንግላ በዚያ ነው። ቤትህ፣ ሱቅህ በዚያ ነው!»

ሙሄ አንዱን ጆንያ ከዘይነባ ጀርባ አስጠጋ።

«በቅሎዋስ?»

ደሴ መንገዱ መካከል ድረስ ሄደ። «ሙሄ፣ ወዴት ነው?»

ዘይነባ ነጠላዋን ከነፋሱ አስተካከለች። ያ መንገድ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ እስከ ባሕሩ ድረስ እንደሚወስድ ደሴ ያውቃል። ሙሄ የሹፌሩን ክፍል ጣሪያ በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ። መኪናው ተነሣ፤ በቁልቁለቱ ፍጥነት ጨመረ፤ ሁለቱ ወደ ፊት እያዩ፣ አንዳቸውም ሳይዞሩ፣ መታጠፊያው ላይ ከዓይን ተሰወሩ።